ስኳርንና ደም ግፊትን በጥብቅ አመጋገብ መያዝ፦ ለጅማ ቤት የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ስኳርና ደም ግፊት ያለበት ሰው ከሐኪም ክፍል ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ ይዞ የሚወጣው ምክር «ጨው ቀንስ፣ ጣፋጭ ተው፣ አመጋገብህን አስተካክል» የሚል አጭር ቃል ነው። ምክሩ ትክክል ነው። ነገር ግን ስድስት ሰው በአንድ ትሪ ዙሪያ ተሰብስቦ በሚበላበት፣ ቡና በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ በሚፈላበት፣ እንግዳን በብርዝና ስኳሩ በበዛ ሻይ መቀበል ክብር በሆነበት በጅማ ቤት ውስጥ ይህን ቃል ወደ ምሳና እራት የመለወጡ ሥራ ለታማሚው የተተወ ነው። ይህ መመሪያ ያንን ሥራ ደረጃ በደረጃ ለማሳየት የተጻፈ ነው። እኔ ራሴ ከዓይነት ሁለት ስኳርና ከግፊት ጋር መኖር ከጀመርሁ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ያባከንኋቸው ምን መብላት እንደሌለብኝ ሰው ሁሉ የሚነግረኝን በመሰብሰብ ነበር፤ ምን ያህል እንደምበላ መለካት የጀመርሁት ዘግይቼ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ «ጥብቅ» ስል በልኬትና በሰዓት ጥብቅ ማለቴ እንደሆነ ከወዲሁ ይያዝልኝ።

ደረጃ 1፦ መነሻውን ማወቅ

አመጋገብዎን ከማጥበቅዎ በፊት የሚከታተልዎትን ሐኪም ያነጋግሩ። ይህን የምለው ለወጉ አይደለም። ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የስኳር ኪኒን ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው እንጀራውን በአንድ ቀን በግማሽ ቀንሶ የመድኃኒቱን መጠን እንደነበረ ቢተወው ስኳሩ ከሚገባው በታች ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ሜትፎርሚን ብቻ የሚወስድ ሰው ላይ ይህ አደጋ አነስተኛ ነው። ክትትልዎ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከልም ይሁን በሸነን ጊቤ ሆስፒታል ወይም በሰፈርዎ ጤና ጣቢያ፣ በቀጠሮው ቀን የመድኃኒቶችዎን ስም ከነመጠናቸው በወረቀት ጽፈው ይዘው ይሂዱና «ምግቤን ልቀንስ ነው፤ መድኃኒቴ ይስተካከል ወይ?» ብለው በግልጽ ይጠይቁ።

በዚያው ቀን አምስት ነገሮች ይመዝገቡ፦ ከቁርስ በፊት የተለካ ስኳር፣ ኤዋንሲ የሚባለው የሦስት ወር አማካይ ምርመራ፣ ደም ግፊት፣ ክብደትና የኩላሊት ምርመራ ውጤት። ለአብዛኛው አዋቂ ታማሚ የሚፈለገው ከቁርስ በፊት ከ80 እስከ 130 (ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር፤ በዚህ ጽሑፍ ያለው የስኳር ቁጥር ሁሉ በዚሁ ነው)፣ ምግብ ከተጀመረ ከሁለት ሰዓት በኋላ ከ180 በታች፣ ኤዋንሲው ደግሞ ከ7 በመቶ በታች ነው። በዕድሜ ለገፋ ወይም ስኳሩ በተደጋጋሚ ለሚወርድበት ሰው ሐኪሙ ግቡን ላላ ሊያደርገው ይችላል። ግፊት ሲለካ ከ30 ደቂቃ ወዲህ ቡና ያልጠጡ፣ ሲጋራ ያላጨሱና ጫት ያልቃሙ መሆን አለብዎት፤ ለአምስት ደቂቃ ያህልም ጀርባዎን አስደግፈው፣ ዝም ብለው መቀመጥ ይገባል። ዳገት ወጥቶ፣ እያለከለኩ ገብቶ ክንድን መዘርጋት የሚሰጠው ቁጥር የዳገቱን ድካም ጭምር ነው።

የክብደቱን ጉዳይ በጥንቃቄ ማየት ያስፈልጋል። በብሪታንያ የተካሄደውና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ዳይሬክት የተባለ ጥናት፣ ከመጠን በላይ ክብደት ያላቸው የዓይነት ሁለት ታማሚዎች በጥብቅ አመጋገብ ክብደታቸውን ሲቀንሱ በአንድ ዓመት ውስጥ 46 በመቶ የሚሆኑት ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ከበሽታው መለኪያ በታች እንደሆነላቸው አሳይቷል። ይህ ትልቅ ተስፋ ነው፤ ሆኖም ለሁሉም አይሠራም። በአገራችን ስኳር ከሚገኝባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ቀጫጮች ናቸው። በልጅነት ከደረሰ የምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ስኳር የዓለም አቀፉ የስኳር ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2025 «ዓይነት አምስት» ብሎ ለይቶታል። ስለዚህ ሳይፈልጉ የከሱ፣ ልብሳቸው የሰፋባቸው ሰዎች ይህን መመሪያ ይዘው ምግብ መቀነስ ሳይሆን ወደ ሐኪም መመለስ ይኖርባቸዋል።

ደረጃ 2፦ ለሰባት ቀን ምንም ሳይለውጡ መመዝገብ

አንድ ደብተር ይግዙና ገጹን በአምስት ይክፈሉት፦ ሰዓት፣ የተበላው፣ መጠኑ፣ ስኳሩ፣ ስሜቱ። ለአንድ ሳምንት እንደ ወትሮው እየበሉ ሁሉንም ይጻፉ። ጉርሻውም፣ ከቡና ጋር የቀረበው ቆሎም፣ ልጅ ያስተረፈውን ሲያነሡ አፍ ውስጥ የገባውም ሳይቀር ይጻፋል። ስሜት በሚለው ዓምድ ሥር ድካም፣ የእግር መደንዘዝ፣ የራስ ምታት፣ ሌሊት ለሽንት የተነሡበት ብዛትና የዓይን መደብዘዝ ይገባሉ። ሕመሙ በየዕለቱ የሚያሳየው ምልክት ከምግቡ ጋር ያለው ዝምድና የሚገለጠው በዚህ ዓምድ ነው።

የስኳር መለኪያው ማሽን አንዴ ይገዛል፤ የደም ጠብታ የሚነካበት ስትሪፑ ግን አያልቅ ወጪ ነው። በቀን አምስት ጊዜ መለካት ለማይችል ሰው የሚሻለው ዘዴ ጥንድ ልኬት ነው፦ በቀን አንድ ማዕድ ብቻ መርጠው የመጀመሪያውን ጉርሻ ከመጉረስዎ በፊት አንድ ጊዜ፣ ከዚያች ጉርሻ ሁለት ሰዓት በኋላ ደግሞ አንድ ጊዜ ይለኩ። ዛሬ ቁርስ ከሆነ ነገ ምሳ፣ ከነገ ወዲያ እራት እያሉ ያዙሩት። በእኔ ደብተር አንድ ሙሉ እንጀራ በሽሮ ከበላሁ በኋላ 118 የነበረው ወደ 236 ወጥቷል፤ ግማሽ እንጀራ በጎመንና በምስር በበላሁበት ቀን ከ121 ወደ 168 ብቻ ነበር የሄደው። ይህ የእኔ ሰውነት ነው። የእርስዎ ሌላ ቁጥር ያሳያል፤ ደብተሩ ያስፈለገውም ለዚሁ ነው።

ደረጃ 3፦ ከትሪው የራስን ሳህን መለየት

«ከሳህኑ ግማሹ አትክልት፣ ሩቡ ፕሮቲን፣ ሩቡ ስታርች (ወደ ስኳር የሚለወጠው፣ እንደ እንጀራና ድንች ያለው) ይሁን» የሚለው የታወቀ ምክር በእኛ ማዕድ ላይ አንድ እንቅፋት አለበት፦ ሳህኑ ራሱ እንጀራ ነው። ወጡ የሚፈስሰው እንጀራ ላይ ነው፣ የሚጠቀለለውም በእንጀራ ነው፤ ስለዚህ ጎመን ልጨምር ያለ ሰው ጎመኑን የሚያነሣበት እንጀራ አብሮ ይጨምራል። ከሰው ጋር ከአንድ ትሪ ሲበሉ ደግሞ ስንት እንደበሉ ለማወቅ ዘዴ የለም። እኔ ለሦስት ወር ያህል «ግማሽ ብቻ ነው የምበላው» እያልሁ ከትሪ ስበላ ቆይቼ፣ በራሴ ሳህን በመጀመሪያው ቀን ግማሽ እንጀራ ቆርጬ ሳስቀምጠው ምን ያህል ትንሽ እንደሆነች አይቼ ደንግጫለሁ።

መፍትሔው እንደሚከተለው ነው። ከቤተሰብዎ ጋር በአንድ ገበታ ይቀመጡ፤ ነገር ግን እንጀራ ያልተነጠፈበት የራስዎ ሳህን ይኑርዎት። ጎመኑ፣ ቆስጣው ወይም ፎሶሊያው የሳህኑን ግማሽ ይያዝ፤ ምስሩ፣ ክኩ፣ ባቄላው፣ እንቁላሉ ወይም ሥጋው ሩቡን ይያዝ፤ እንጀራው ደግሞ ተመዝኖ፣ ተጠቅልሎ ለብቻው ከጎን ይቀመጥ። አትክልቱን በማንኪያ ወይም በሹካ ይብሉ። ለእኛ ሰው ይህ መጀመሪያ ላይ የባዕድ ሥራ ይመስላል፤ እንጀራን ማክበር የለመደ እጅ ሹካ ሲይዝ ይተክዛል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ይለመዳል። እንጀራው ሲያልቅ አለቀ፤ የቀረ ረሃብ ካለ የሚጨመረው ጎመን ነው።

ምን ያህል እንጀራ? ከ100 ግራም የጤፍ እንጀራ ውስጥ በግምት 30 ግራም ያህሉ ወደ ስኳር የሚለወጥ ስታርች ነው። ለብዙ አዋቂ ታማሚ በአንድ ማዕድ ከ45 እስከ 60 ግራም ስታርች ጥሩ መነሻ ስለሆነ፣ ከ150 እስከ 200 ግራም እንጀራ ማለት ነው። በቤት ምጣድ የሚጋገር ሰፊ እንጀራ ከ300 ግራም በላይ ሊመዝን ስለሚችል ይህ ከግማሽ አይርቅም። ግምት ላይ አይተማመኑ። የወጥ ቤት ሚዛን ከሌለዎት ከሰፈርዎ ሱቅ ሦስት እንጀራ አስመዝነው አማካዩን ይያዙ፤ ከዚያ በኋላ ዓይንዎ ራሱ ይለምደዋል።

ስለ ጤፍ በሰፊው የሚነገር አንድ ስሕተት አለ። ጤፍ ብረትና ካልሲየም አለው፣ ግሉተን የለውም፤ ይህ ሁሉ እውነት ነው። ከዚህ ተነሥቶ «ጤፍ ስኳር አይጨምርም» ማለት ግን አይቻልም። ቀይም ይሁን ነጭ፣ መጠኑ ከበዛ ይጨምራል። ከገበያ ተገዝቶ የሚመጣ እንጀራ ሩዝ ወይም ሌላ ዱቄት የተቀላቀለበት ሊሆን ስለሚችል የሚሻለው በቤት የተጋገረው ነው። ቆጮ፣ ጎደሬ፣ የበቆሎ ቂጣና ገንፎ ሁሉም በእንጀራው ቦታ የሚቆጠሩ ናቸው። በክረምት በየመንገዱ የሚጠበሰው እሸት በቆሎም እንዲሁ ነው፤ አንድ ራስ በቆሎ የበላ ሰው ከዚያ ማዕድ እንጀራ ላይ መቀነስ አለበት።

በቤታችን «አትክልት» የሚባለው የጥቅል ጎመን፣ የካሮትና የድንች አልጫ ሌላው ወጥመድ ነው። ድንቹ አትክልት ሆኖ አይቆጠርም፤ ስታርች ነው። ሽሮ በመካከል ያለ ነው፤ ከጥራጥሬ ስለተሠራ ፕሮቲንም አለው፣ ስታርችም አለው። ስለዚህ ሽሮ በሚበሉበት ቀን እንጀራውን ጥቂት ዝቅ ማድረግ ይገባል። የአበላል ቅደም ተከተልም ዋጋ አለው፦ አትክልቱንና ጥራጥሬውን መጀመሪያ፣ እንጀራውን መጨረሻ የበላ ሰው ያንኑ ምግብ ቀላቅሎ ከበላው ይልቅ ስኳሩ ዝግ ብሎ ይወጣል። ይህ ምንም ወጪ የሌለው ለውጥ ስለሆነ ሌላውን ሁሉ ማድረግ የማይችል ሰው ቢያንስ ይህን ያድርግ።

አቮካዶ ለጅማ ሰው የተሰጠ በረከት ነው። ስኳር የሚጨምርበት ነገር እጅግ ጥቂት ሆኖ አሰሩና ጥሩ ስቡ ብዙ ነው፤ በቀን ግማሽ አቮካዶ በሎሚና በቃሪያ ቁርስን ያጠግባል። በጁስ ቤት ስኳር ተጨምሮበት በብርጭቆ የሚቀርበው ግን ሌላ ነገር ሆኗል። ኩላሊታቸው የተጎዳ ሰዎች ደግሞ አቮካዶ፣ ሙዝ፣ ቲማቲምና ጥራጥሬ በፖታሲየም የበለጸጉ በመሆናቸው መጠኑን ሐኪም ሳይወስንላቸው መብላት የለባቸውም።

ደረጃ 4፦ ጨውን በማሰሮ መቁጠር

የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይመክራል፤ ይህ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ችግሩ እኛ ጨውን በማንኪያ የማንበላ መሆናችን ነው። ወጡ ውስጥ ገብቶ፣ በርበሬው ውስጥ ተቀላቅሎ፣ የሽሮ ዱቄቱ ውስጥ ተፈጭቶ ነው የሚመጣው። በአንድ ቀን ስንት ግራም እንደበሉ ከወጥ ላይ ተነሥቶ ማስላት ስለማይቻል ሒሳቡን ከሌላው ጫፍ መጀመር ይሻላል።

በቤት ውስጥ አምስት ሰው ቢበላ፣ 5 ግራም በአምስት ሰው ሲባዛ በቀን 25 ግራም ይሆናል። አንድ ኪሎ ጨው እንግዲህ ቢያንስ 40 ቀን መቆየት አለበት ማለት ነው። ልጆች ካሉ ድርሻቸው ከዚህ ስለሚያንስ ከዚያም በላይ ሊቆይ ይገባል። አዮዲን ያለው አንድ ኪሎ ጨው ወደ ክዳን ያለው ማሰሮ ይገልብጡና የተከፈተበትን ቀን ክዳኑ ላይ ይጻፉ። በርበሬ ሲዘጋጅ፣ ሽሮ ሲፈጭና ቅቤ ሲነጠር የሚገባውም ጨው ከዚሁ ማሰሮ ብቻ ይውጣ። ማሰሮው በ22 ቀን ካለቀ ቤቱ ከሚገባው እጥፍ ሊሆን ትንሽ እንደቀረው ይበላል፤ ክርክር አያስፈልገውም። ከቤት ውጭ የሚበላው፣ ከዳቦ ቤት የሚመጣው ዳቦና በወጥ ላይ የሚፈረፈረው የሾርባ ኩብ ከዚህ ሒሳብ ውጭ ስለሆኑ ኩቡን ፈጽሞ መተው፣ ዳቦውን ማሳነስ ነው።

ቅነሳው ቀስ በቀስ ይሁን። በየሳምንቱ ጥቂት እየቀነሱ ሲሄዱ ምላስ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይለምዳል፤ በአንድ ቀን የተቀነሰ ጨው ግን ቤተሰቡን ሁሉ ያስኮርፋል። የጨውን ቦታ የሚይዙት በአካባቢያችን ሞልተዋል፦ ኮረሪማ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ በሶብላ፣ ጦስኝ፣ ሎሚ። ሎሚ በተለይ በምስርና በጎመን ላይ ከምድጃ ከወረደ በኋላ ሲጨመቅ የጨውን ጉድለት በደንብ ይሸፍናል። «ዝቅተኛ ሶዲየም» ተብሎ የሚሸጥ ጨው ግን አብዛኛውን ጊዜ ፖታሲየም የተቀላቀለበት ስለሆነ የኩላሊት ችግር ያለበት ወይም ኢናላፕሪልን የመሰለ የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጠቀምበት።

ዳሽ የሚባለው የግፊት አመጋገብ በአሜሪካ ተፈትኖ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1997 ሲታተም፣ አትክልት፣ ፍራፍሬና ስቡ የተቀነሰ የወተት ተዋጽኦ ማብዛቱ ብቻ ግፊት ያለባቸውን ሰዎች የላይኛውን ቁጥር በ11 ገደማ አውርዶታል። በዚያ ጥናት ጨው አልተቀነሰም ነበር። የእኛ ጎመን፣ ባቄላ፣ አሬራና ፓፓያ ከዚያ ገበታ ብዙም የራቁ አይደሉም። ዘይትን በሚመለከት፣ የሚረጋውን ትቶ ፈሳሹን መጠቀም፣ ሽንኩርቱን ያለ ዘይት በጥቂት ውኃ እያቁላሉ ዘይቱን በመጨረሻ በማንኪያ ለክቶ መጨመር ይበቃል። ቅቤ ለበዓል ይሁን።

ደረጃ 5፦ የሚጠጣውን ማጽዳት

ስኳር ያለበት ሰው ምግቡን ሁሉ አስተካክሎ ቁጥሩ አልወርድ ሲለው መጀመሪያ የሚመረመረው ብርጭቆው ነው። ከአቦል እስከ በረካ ሦስት ስኒ በየስኒው ሁለት ማንኪያ ስኳር የሚጠጣ ሰው በአንድ ተቀምጦ ስድስት ማንኪያ፣ ማለት 25 ግራም ያህል ስኳር ወስዷል። ቡናው በቀን ሁለት ጊዜ ከተፈላ 50 ግራም ይደርሳል። ቡናው ራሱ ጥፋት የለበትም፤ የቡና አገር ሰው ቡና ተው ቢባል አይሰማም፣ መስማትም አይኖርበትም። ስኳሩን ግን በየሳምንቱ በግማሽ ማንኪያ እየቀነሱ በአንድ ወር ውስጥ መጨረስ ይቻላል። በገጠር ቀበሌዎቻችን በጨው የሚጠጣው ቡና ለግፊት ታማሚ ከስኳሩ የተሻለ መውጫ አይሆንም። ከቡናው ጋር የሚቀርበው ስኳር የተነሰነሰበት ፈንዲሻም ይቆጠራል።

ስለ ማር ብዙ ሰው ይከፋኛል። የጫካ ማራችን ጥሩ ማር ነው፤ ነገር ግን ከክብደቱ 80 በመቶ ገደማ የሚሆነው ስኳር ነው፤ «ንጹሕ ከሆነ አይጎዳም» የሚባለው እውነት አይደለም። ብርዝም ከዚሁ ይቆጠራል። አንድ የ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ለስላሳ 30 ግራም ያህል ስኳር አለበት። ፍራፍሬን መብላት ከመጠጣት ይሻላል፦ አንድ ብርቱካን ሲበላ አንድ ነው፣ ሲጨመቅ ግን ሦስትና አራት ሆኖ ብርጭቆ ውስጥ ይገባል።

የጫትን ነገር በጅማ ላይ ተቀምጦ ሳያነሡ ማለፍ ራስን ማታለል ነው። ጫት የልብ ምትንና ግፊትን ይጨምራል፤ የምግብ ፍላጎትን ስለሚያጠፋ ምሳ ይዘለላል፤ አብረውት ለስላሳና ስኳር የበዛበት ሻይ ይጠጣሉ፤ እንቅልፍ ይጠፋል፤ ሌሊት ላይ ደግሞ ረሃቡ መጥቶ በአንድ ጊዜ ብዙ ይበላል። መድኃኒቱን በልቶ መዋጥ ላለበት ሰው ይህ ሁሉ ነገር ተደርቦ አደገኛ ነው። መተው ዋናው ምክር ነው። ገና ያልተወ ሰው ቢያንስ ምሳውን በሰዓቱ ሳይበላ አይቀመጥ፣ የሚጠጣውም ውኃ ይሁን።

አብሽ፣ ጥቁር አዝሙድና ሽፈራው ለስኳር ይጠቅማሉ እየተባሉ ይሰጣሉ። በምግብ ውስጥ እንደ ቅመም መግባታቸው አይከፋም። ነገር ግን በእነርሱ ተማምኖ ኪኒን ማቆም ብዙ ሰው የእግር ቁስልና የዓይን ጉዳት ላይ የጣለ ስሕተት ነው። በብዛት የሚወስዱ ከሆነም አብሽ ስኳርን ሊያወርድ ስለሚችል ለሐኪምዎ ይንገሩ።

ደረጃ 6፦ ገበያውና የአንድ ቀን ሰዓት

በሳምንት አንድ ቀን መርካቶ ወርዶ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮት፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ሎሚና አቮካዶ መሸመት፣ ምስርና ባቄላ ደግሞ በወር አንዴ መያዝ ለአብዛኛው ቤት ይበቃል። አቮካዶውን ግማሹን የበሰለ፣ ግማሹን ጥሬ አድርገው ይምረጡ፤ አለዚያ ሁሉም በአንድ ቀን ይበስልና ይበላሻል። ጎመን ቶሎ ስለሚጠወልግ ለሦስት ቀን የሚሆነውን ብቻ ይግዙ። ይህ አመጋገብ ውድ ነው የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያስቡት ከሱፐርማርኬት የሚገዛውን ነው። እኔ ያየሁት ግን ከለስላሳው፣ ከስኳሩና ከዳቦው የሚተርፈው ገንዘብ ለጎመኑ የሚበቃ መሆኑን ነው።

ሰዓቱ እንዲህ ሊሆን ይችላል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ አንድ የተቀቀለ እንቁላል ከግማሽ አቮካዶና ከአንድ ቁራጭ ቂጣ ጋር፣ ወይም ዘይት ያልበዛበት ፉል ከግማሽ ዳቦ ጋር፤ 4 ሰዓት ላይ ቡና ያለ ስኳር፤ 6 ሰዓት ተኩል ላይ በደረጃ 3 በተገለጸው ሳህን ምሳ፤ 10 ሰዓት ላይ አንድ ብርቱካን ወይም አንድ ትንሽ ሙዝ፤ ማታ 1 ሰዓት ላይ እንጀራው ከምሳው ያነሰ እራት። ከምሳና ከእራት በኋላ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መራመድ የወጣውን ስኳር በሚታይ መጠን ይመልሰዋል። ዝናቡ የጅማ ዝናብ ነውና በረንዳ ላይ መመላለስም ይቆጠራል።

ደረጃ 7፦ ጾምና ረመዳን

በዚህ ከተማ በአንድ አጥር ግቢ ረመዳንና ዓቢይ ጾም የሚጾሙ ጎረቤታሞች ስላሉ ሁለቱንም አንሥቼ ማለፍ አለብኝ። በረመዳን ከ13 ሰዓት በላይ ያለ ምግብና ያለ ውኃ መቆየት ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ ለሚወስድ ሰው እውነተኛ አደጋ አለው። ስለዚህ ወሩ ከመግባቱ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቀድሞ ሐኪምን ማየትና መድኃኒቱን ወደ ማታ ማዛወር ወይም መቀነስ ይቻል እንደሆነ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ኩላሊቱ የታመመ፣ ስኳሩ በቅርቡ ክፉኛ የወረደበት ወይም እርጉዝ የሆነች ሴት ባይጾሙ ይመከራል፤ ሃይማኖቱም ለታማሚ ፈቅዷል። የሚጾም ሰው ሱሑርን፣ ማለት ከንጋት በፊት የሚበላውን ምግብ፣ አይዝለል፣ በተቻለ መጠንም አዘግይቶ ጥራጥሬና እንቁላል ይብላ። ፊጥር ላይ፣ ማለት ማታ ጾሙ ሲፈታ፣ ከአንድ እስከ ሦስት ተምር፣ ውኃና ሾርባ፤ ሳምቡሳውና ጁሱ ግን ይቆጠቡ። ጣትን ወግቶ ስኳር መለካት ጾምን አይገድፍም። ስኳሩ ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ ወዲያውኑ ጾሙ መፈታት አለበት።

የኦርቶዶክስ ጾም ምግቡ ራሱ ጥሩ ነው፤ ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመንና ተልባ ከዚህ መመሪያ ጋር ይስማማሉ። የሚከብደው እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየቱና ከዚያ በኋላ በአንድ ጊዜ ብዙ እንጀራ መበላቱ ነው። ንስሐ አባትዎን አማክረው የመድኃኒት ሰዓትዎን የሚጠብቅ የጾም ሥርዓት መያዝ ይቻላል።

ደረጃ 8፦ ሰው ቤት

ለቅሶ፣ ሠርግና የእንግድነት ማዕድ አመጋገብን ከሌላው ነገር ሁሉ በላይ ያፈርሳሉ። «ብላ፣ አንድ ቀን ምን ያመጣል» የሚሉት ጠልተው አይደለም። ከቤት ሲወጡ አስቀድመው ጎመን ወይም እንቁላል በልተው ይሂዱ፤ የመጀመሪያዋን ጉርሻ በምስጋና ይቀበሉ፤ ሁለተኛዋ ስትመጣ «ሐኪሜ በደብተር ነው የያዘኝ» ይበሉ። «አልችልም» ከሚለው ይልቅ ይህ አነጋገር ሰሚ እንደሚያገኝ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ደረጃ 9፦ ስኳር ሲወርድ

ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ መምታት፣ ድንገተኛ ረሃብ ወይም የአነጋገር መደናገር ሲመጣ ስኳርዎን ይለኩ፤ መለኪያ ከሌለ እንደወረደ ይቁጠሩት። ከ70 በታች ከሆነ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ይጠጡ፣ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ ይጠጡ። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ፤ ካልወጣ ይድገሙት። ሲስተካከል ትንሽ ምግብ ይብሉ። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም አይፈስስም፤ በአፋጣኝ ወደ ጤና ተቋም ይወሰዳል። በኪስዎ ሁልጊዜ ጥቂት ከረሜላ ይኑር፤ ቤተሰብዎም ለምን እንደሆነ ይወቅ።

ደረጃ 10፦ በሦስት ወር መመለስ

ኤዋንሲ የሚያሳየው ያለፉትን ሁለትና ሦስት ወራት ስለሆነ ከዚያ በፊት ውጤት መጠበቅ ተስፋ ያስቆርጣል። በመካከሉ ደብተርዎን በየእሑዱ ይክፈቱና ጥንድ ልኬቶቹን ያስተያዩ። ከ60 ነጥብ በላይ ያስወጣ ማዕድ ሲያገኙ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ፦ እንጀራውን በ50 ግራም ይቀንሱ፣ ወይም ቅደም ተከተሉን ያስተካክሉ፣ ወይም ከበሉ በኋላ ይራመዱ። ሦስቱን በአንድ ቀን ከለወጡ የትኛው እንደሠራ አያውቁም። እኔ ይህን ሳላውቅ ቀረፋ፣ ሎሚና የእግር ጉዞ በአንድ ሳምንት ጀምሬ ለአንድ ዓመት ያህል ቀረፋውን ሳመሰግን ኖሬያለሁ።

ስኳሩ እየወረደ ሲሄድ መድኃኒቱ ሊበዛብዎት ይችላል። ከቁርስ በፊት የሚለካው በተደጋጋሚ ከ80 በታች ከሆነ ቀጠሮዎን አይጠብቁ፤ ደብተርዎን ይዘው ይሂዱ። ሐኪሙ ጊዜ ስለሌለው ሁሉን ገጽ አያነብም፤ ስለዚህ የሦስቱን ወር ጠቅላላ ሁኔታ በአንድ ገጽ ይጻፉለት፦ ክብደት በመጀመሪያና አሁን፣ ግፊት በመጀመሪያና አሁን፣ ከቁርስ በፊት የተለካው ዝቅተኛና ከፍተኛ ቁጥር፣ ስኳሩ ከ70 በታች የወረደባቸው ቀናት፣ የጨው ማሰሮው የቆየበት ቀን።